የዳሌ ሕመም፡- ከማስታገሻው በፊት ምክንያቱ

“ዳሌዬን ያመኛል” ስንል ሁላችንም የምናመለክተው ቦታ አንድ አይደለም። አንዱ እጁን ከቀበቶው በታች ከኋላ ያሳርፋል፤ ሌላው በጎን በኩል የሱሪ ኪስ ያለበትን ይነካል፤ ሦስተኛው ደግሞ ብሽሽቱን ይዞ ያነክሳል። ቃሉ አንድ በመሆኑ ምክሩም አንድ ይሆናል። “ብርድ ነው”፣ “ሪህ ነው”፣ “የወገብ ነርቭ ነው” ይባልና መርፌ ይወጋል፣ ቅባት ይቀባል፣ ወጌሻ ይጠራል። ሕመሙ ጋብ ሲል “ተሻለው” ይባላል፤ ሲመለስ ያው መርፌ ይደገማል። በመሐሉ ሰውየው መጀመሪያ ደረጃ መውጣት፣ ቀጥሎ ታክሲ መሳፈር፣ በመጨረሻም ከቤት እስከ አስፋልት መሄድ ያቅተዋል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሙያዬ የሒሳብ ምርመራ ነው። ይሁን እንጂ ላለፉት ዓመታት ሁለቱም ዳሌዎቼ ታመው ከአጥንት ሐኪሞችና ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ጋር ብዙ ተመላልሻለሁ፤ ጠይቄያለሁ፤ አንብቤያለሁም። በእኛ ሙያ ያልገጠመ ሒሳብ ሲገኝ ልዩነቱን በማስተካከያ ቁጥር መዝጋት ነውር ነው፤ ምንጩ መገኘት አለበት። የዳሌ ሕመምም እንዲሁ ነው። ማስታገሻ ልዩነቱን ይሸፍናል እንጂ ምንጩን አያሳይም። ከምንጮቹ አንዱ ደግሞ ጊዜ የማይሰጥ በመሆኑ ይህን መጻፍ አስፈልጎኛል።

መገጣጠሚያው ምን ያህል ይሸከማል?

የዳሌ መገጣጠሚያ የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ የሚዞርበት ቦታ ነው። ዘነዘና በሙቀጫ ውስጥ ሲዞር ቢያስቡት ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ የአጥንቶቹ ፊት ካርቲሌጅ በሚባል ለስላሳ ልባስ የተሸፈነ መሆኑ ነው። መገጣጠሚያው ከወፍራም ጡንቻዎች ሥር ጠልቆ ስለሚገኝ እንደ ጉልበት ሲያብጥ በዓይን አይታይም፤ በእጅ ተዳሶም አይደረስበትም። ምንጩ በቀላሉ የሚሳተው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ስንራመድ በእያንዳንዱ እርምጃ ለአፍታ በአንድ እግር እንቆማለን። በዚያች አፍታ ሰውነታችን ወደ ጎን እንዳይወድቅ ከዳሌ ጎን ያሉት ጡንቻዎች በኃይል ይስባሉ። የሰውነት ክብደትና የጡንቻው ጉተታ ሲደመሩ በመገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው ጫና የሰውየውን ክብደት ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንግዲህ በእያንዳንዱ እርምጃ ዳሌው ከ175 እስከ 210 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። የታመመ ዳሌ ያለው ሰው ሲሄድ ሰውነቱን ወደ ታመመው ጎን የሚጥለውም ለዚህ ነው፤ የጡንቻውን ጉተታ ለመቀነስ ሰውነት በራሱ የሚፈጥረው ዘዴ ነው። በአንጻሩ ከክብደት ላይ የሚቀነስ አንድ ኪሎ ለዳሌ ከአንድ ኪሎ በላይ እፎይታ ይሰጣል።

የት ላይ ነው የሚያምዎት?

አንድ ጥሩ የአጥንት ሐኪም በመጀመሪያ የሚጠይቀው “በእጅዎ ያሳዩኝ” ብሎ ነው። መልሱ የምርመራውን ግማሽ መንገድ ይወስናል።

ሕመሙ ብሽሽት ላይ ከሆነ፣ ወይም ሕመምተኛው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል ዳሌውን ከፊትና ከኋላ ጨብጦ “እዚህ ውስጥ ነው” የሚል ከሆነ፣ መጠርጠር ያለበት ራሱ መገጣጠሚያው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ካልሲ ማጥለቅ፣ የእግር ጥፍር መቁረጥ፣ መኪና ውስጥ መግባትና መውጣት ይቸገራል። ተቀምጦ እግሩ ወደ ውስጥ ሲዞር ሕመሙ ይብሳል፤ ወይም እግሩ ጭራሹን አልዞር ይላል። ካርቲሌጁ በዕድሜና በጫና ሲያልቅ የሚመጣው የመገጣጠሚያ መሸርሸርም፣ ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄደው ደም ሲቋረጥ የሚመጣው በሽታም በዚህ መልክ ይገለጣሉ።

ሕመሙ በጎን በኩል ከሆነ፣ በዚያ ጎን ተኝቶ ማደር የሚከለክል ከሆነና ቦታው ሲነካ የሚያም ከሆነ ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ከአጥንቱ ጉብታ ጋር በሚያያዙት ጅማቶች ላይ ነው። ከ40 ዓመት በላይ በሆኑ ሴቶች ላይ ይበዛል። ይህኛው ያሠቃያል እንጂ መገጣጠሚያውን አያፈርስም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአውስትራሊያ በ204 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ከስምንት ሳምንት በኋላ የተሻለ ውጤት ያገኙት ትክክለኛ እንቅስቃሴና አያያዝ የተማሩት እንደሆኑ አሳይቷል፤ አንድ ጊዜ የኮርቲዞን መርፌ የተወጉትም፣ ምንም ሳይደረግላቸው የጠበቁትም አልደረሱባቸውም። እግር አነባብሮ አለመቀመጥ፣ በአንድ እግር ተደግፎ አለመቆም፣ በጎን ሲተኙ በጉልበቶች መሐል ትራስ ማድረግ ቀላል የሚመስሉ ግን የሚጠቅሙ ናቸው።

ሕመሙ ከኋላ ከወገብ ተነሥቶ በመቀመጫ በኩል የሚወርድ፣ ከጉልበት በታች የሚዘልቅ፣ መደንዘዝ ወይም ውርር ማለት ያለው ከሆነ ምንጩ ብዙውን ጊዜ አከርካሪ ነው። በዚህ ጊዜ “ዳሌ” የምንለው የሌላውን ጩኸት የሚያስተጋባ ነው።

ተቃራኒውም አለ። የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም በነርቮች መጋራት ምክንያት ጭንን ተከትሎ ጉልበት ላይ ሊሰማ ይችላል። የጉልበት ራጅ ደህና ሆኖ ጉልበቱ ግን የሚያም ሰው ዳሌው ሊታይለት ይገባል።

ከቦታው ቀጥሎ ሰዓቱ ይጠየቃል። ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ተገትሮ ቆይቶ በእንቅስቃሴ የሚፍታታ፣ በተለይ በወጣትነት የጀመረ ሕመም ከሰውነት መከላከያ መዛባት የሚመጣ የመገጣጠሚያ መቆጣት ሊሆን ይችላልና የራሱ ሕክምና አለው። በመሸርሸር የሚመጣው ግን ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይገትርና በእንቅስቃሴ ብዛት ወደ ማታ ይብሳል።

ጊዜ የማይሰጠው በሽታ

የእኔ ሕመም ብሽሽት ላይ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ዓይኔ ውስጥ በተነሣ መቆጣት ምክንያት ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ ለብዙ ወራት ወስጃለሁ። መድኃኒቱ ዓይኔን አድኖልኛል፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ከዓመት በላይ ቆይቶ ቀኝ እግሬ ሲረግጥ ብሽሽቴን ይወጋኝ ጀመር። የሄድኩበት የመጀመሪያው ክሊኒክ እግሬን ሳያነሣና ሳያዞር “የወገብ ነርቭ” ብሎ መርፌ አዘዘልኝ። ሁለተኛው ራጅ አነሣኝና “አጥንትህ ንጹሕ ነው” ብሎ አሰናበተኝ። ሦስተኛው ሐኪም አልጋ ላይ አስተኝቶ እግሬን እያዞረ ከመረመረኝ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። “ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ምን መድኃኒት ወስደሃል?” አለኝ። ስነግረው ወዲያው ሁለቱንም ዳሌ ያካተተ ኤም.አር.አይ. አዘዘ።

የበሽታው ስም አቫስኩላር ኔክሮሲስ ይባላል፤ በደም እጦት የሚመጣ የአጥንት መሞት ማለት ነው። የጭን አጥንት ራስ ደም የሚያገኘው በጥቂት ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። እነዚህ ሲቋረጡ ወይም ሲደፈኑ ከካርቲሌጁ ሥር ያለው አጥንት ይሞታል። የሞተ አጥንት ወዲያው አይፈርስም፤ ለወራት ቅርጹን ይዞ ይቆያል። በየእርምጃው የሚያርፍበትን ያን ሁሉ ኪሎ መቋቋም ሲያቅተው ግን ይሰምጣል፤ ክቡ ራስ ጠፍጣፋ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በመድኃኒት ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም።

በሽታው በብዛት የሚይዘው ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ማለትም ሰው ሥራ ላይ በሚውልበት ጊዜ ነው። ከታወቁት መንስኤዎች ዋና ዋናዎቹ የዳሌ ስብራትና ውልቃት፣ ስቴሮይድ በከፍተኛ መጠን ወይም ለረጅም ጊዜ መውሰድ፣ አልኮል ማብዛት እና እንደ ሉፐስና ሲክል ሴል ያሉ በሽታዎች ናቸው። ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለ ሰዎች ላይም ከሌላው በላይ ይታያል። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ከአደጋ ውጭ የመጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ዳሌ ይይዛል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምፈልገው የራጁን ነገር ነው። ራጅ የሚያሳየው የአጥንቱን ቅርጽና ጥግግት ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት አጥንቱ ሞቶም ራጁ “ንጹሕ” ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ችግሩን በተሻለ የሚያሳየው ኤም.አር.አይ. ነው። የብሽሽት ሕመም ያለው፣ ከላይ ከተጠቀሱት መንስኤዎች አንዱ ያለበት ሰው ራጁ ደህና ስለሆነ ብቻ ጉዳዩ ተዘጋ ማለት የለበትም።

የእኔ ኤም.አር.አይ. ያሳየው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ለሰባት ወር ያመመኝ የቀኙ ራስ መስመጥ ጀምሯል። ምንም ያላመመኝ የግራውም ታሟል፤ ግን ቅርጹ ገና አልተነካም። ለግራው የአጥንቱን ራስ በቀጭኑ ሰርስሮ የውስጡን ግፊት የሚቀንስና አዲስ ደም እንዲገባ ዕድል የሚሰጥ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ይህ ቀዶ ሕክምና ሁልጊዜ ይሳካል አይባልም፤ የሚሞከረው ግን አጥንቱ ሳይሰምጥ ብቻ ነው። የእኔ ግራ ዳሌ እስከ ዛሬ ድረስ የራሴው ነው። የቀኙ ዘግይቶ ስለተገኘ በ2015 ዓ.ም. በሰው ሠራሽ ተተክቷል። አንድ ሰው፣ አንድ በሽታ፣ ሁለት ዳሌ። የለያያቸው ጊዜ ነው።

ይህን ያነበበ ሰው ግን ሐኪም ያዘዘለትን ስቴሮይድ በድንጋጤ እንዳያቋርጥ አደራ እላለሁ። ለሳምንታት የተወሰደ ስቴሮይድ በድንገት ሲቆም ሰውነት የራሱን ሆርሞን ለማምረት ጊዜ ስለሚፈልግ ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ ሊፈጠር ይችላል። ለአስም፣ ለዓይን፣ ለኩላሊት ወይም ለሉፐስ የታዘዘ ስቴሮይድ ብዙ ጊዜ ምትክ የለውም። አደገኛው ያለ ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት እየተገዛ “ለመገጣጠሚያ” የሚዋጠው ነው። በተለያዩ አገሮች “ባህላዊ የሪህ መድኃኒት” ተብለው የተሸጡ ዱቄቶችና ክኒኖች ሲመረመሩ ስቴሮይድ ተቀላቅሎባቸው ተገኝተዋል። በሁለት ቀን ተአምር የሚሠራ፣ ስሙ ያልተጻፈበት መድኃኒት ሊያስጠረጥረን ይገባል።

ስለ ማስታገሻዎች

ማስታገሻ ጠላት አይደለም። ሕመም እንቅልፍ ሲነሣና እንቅስቃሴ ሲከለክል ጡንቻ ይሰልላል፤ የሰለለ ጡንቻ ደግሞ ዳሌውን የባሰ ያስጨንቀዋል። ሆኖም እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉት ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራን ሊያደሙ፣ ኩላሊትን ሊጎዱ፣ የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። ሁለቱን በአንድ ላይ መውሰድ ወይም መርፌውን ተወግቶ ክኒኑን መደረብ ጥቅሙን አይጨምርም፤ ጉዳቱን ግን ይጨምራል። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር፣ የልብ ሕመም ወይም ግፊት ያለበት ሰው ሳያማክር ሊጀምራቸው አይገባም። ማስታገሻ ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ ካስፈለገ ጥያቄው “የቱ ይሻላል?” ሳይሆን “ምክንያቱ ምንድን ነው?” መሆን አለበት።

ከዘራው በየትኛው እጅ?

ቀኝ ዳሌውን የታመመ ሰው ከዘራውን በቀኝ እጁ ይዞ ሲሄድ በየመንገዱ እናያለን። ትክክለኛው ግን በተቃራኒው፣ በደህናው እግር በኩል ባለው እጅ መያዝ ነው። ቀኙ ሲረግጥ በግራ እጅ የተያዘው ከዘራ አብሮ መሬት ይነካል። በዚህ ጊዜ ከዘራው የሰውነትን ክብደት ከሩቅ ስለሚደግፍ የዳሌው ጡንቻ የሚስበው ኃይል ይቀንሳል፤ መገጣጠሚያው የሚሸከመውም በብዙ ይቀላል። ዋልተር ብላውንት የተባሉ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1956 ይህንኑ ጉዳይ ያስረዱበት ጽሑፍ ርእሱ ራሱ ከዘራችሁን አትጣሉ የሚል ነበር።

ቁመቱም ይለካል። ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ቆመው ክንድዎ ሲንጠለጠል የከዘራው እጀታ ከእጅ አንጓዎ ጋር መስተካከል አለበት። ከሥሩ ጎማ ያስፈልገዋል። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ ከዘራውና የታመመው እግር ይቅደሙ። “ከዘራ ለሽማግሌ ነው” የሚለው ኩራት ብዙ ሰው ያለጊዜው ቤት አስቀምጧል። እኔ በ44 ዓመቴ ከዘራ ይዤ ስብሰባ ገብቻለሁ፤ ሰው የሚያስተውለው ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ የሚደረጉ ጥቂት ነገሮችም መንገድ ያቃልላሉ። ከዱካና ከጎድጓዳ ሶፋ ይልቅ ተቀምጠው ጉልበትዎ ከዳሌዎ ዝቅ የሚልበት ከፍ ያለ ወንበር ይምረጡ። መኪና ሲገቡ መጀመሪያ በመቀመጫው ላይ ወደ ጎን ይቀመጡ፤ ከዚያ ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ያስገቡ። ቁጢጥ ማለትና መስገድ ሕመሙን ካባሰው ተቀምጦ ወይም ቆሞ መጸለይን በተመለከተ የሃይማኖት አባቶችን ያማክሩ። እንቅስቃሴን ፈጽሞ መተው ግን አይገባም። ዋና፣ ቆሞ የሚነዳ የጂም ብስክሌት፣ በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ መቀመጫን ማንሣት በአብዛኛው የሚመከሩ ናቸው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዬ የሰጠኝ መለኪያ ቀላል ነው፤ እንቅስቃሴው ያመጣው መጠነኛ ሕመም በማግስቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ይቀጥላል፤ ካልተመለሰ ይቀነሳል። የአጥንቱ ራስ ደም አጥቶ የመስመጥ ስጋት ላለበት ግን ምን ያህል መርገጥ እንዳለበት የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ሰው ሠራሽ ዳሌ

ዳሌ መቀየር ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል። ይህ ቀዶ ሕክምና ዛሬ በሚታወቅበት መልክ የተጀመረው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1962 በራይቲንግተን ሆስፒታል የብረት ራስና የፕላስቲክ ማቀፊያ ሲተክሉ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጽሑፍ የምዕተ ዓመቱ ቀዶ ሕክምና ተብሎ ተጠርቷል። በዚሁ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ደግሞ ከተተከሉት ዳሌዎች 58 በመቶ ያህሉ 25 ዓመት እንደሚቆዩ ገምቷል።

ይህ ማለት ግን አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ኢንፌክሽን፣ በእግር ደም ሥር ውስጥ የሚረጋ ደም፣ የተተከለው መውለቅና የእግር ርዝመት መለያየት ሊያጋጥሙ ይችላሉ። ወጣት ሰው ደግሞ በሕይወቱ ሁለተኛ ጊዜ ሊያስቀይር ይችላል። በአገራችን ቀዶ ሕክምናው ይሠራል፤ የሚተከለው ዕቃ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ግን ወጪው ከባድ ነው። ስለዚህ ከመወሰንዎ በፊት ሐኪሙን ስንት እንደሠራ፣ የሚተክለው ዕቃ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ችግር ቢፈጠር ማን እንደሚከታተልዎ፣ ፊዚዮቴራፒ በዋጋው ውስጥ መካተት አለመካተቱን ይጠይቁ። ወደ ውጭ ለመሄድ ለሚያስቡም የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ከአየር ቲኬቱ ዋጋ በፊት መመለስ ያለባቸው ናቸው።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶች

ትኩሳት ያለው የዳሌ ሕመም፣ በተለይ እግርን ማንቀሳቀስ የሚከለክል ከሆነ፣ በዚያው ቀን መታየት አለበት፤ መገጣጠሚያው ውስጥ መግል ሊኖር ይችላል። አዛውንት ሰው ወድቆ መቆም ካቃተው ስብራት ነው ብሎ መነሣት ይገባል፤ ማሸት ክልክል ነው። ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብና ለሳምንታት የዘለቀ ሕመም አንድ ላይ ከመጡ የአጥንት ቲቢ መመርመር አለበት። ቀደም ሲል ካንሰር የታከመ ሰው፣ ወይም ተኝቶም ቆሞም ሌሊት ከሌሊት የማይተወው ሕመም ያለበት ሰው ሳይዘገይ ይታይ። ልጅ ካነከሰ “ሲጫወት ተጎድቶ ነው” ተብሎ አይታለፍ፤ ጉልበቱን እንኳ ቢል ዳሌው ይመርመር።

እነዚህ ምልክቶች ባይኖሩም መራመድ የሚያስቸግር የዳሌ ሕመም ከጥቂት ሳምንታት በላይ ከዘለቀ የአጥንት ሐኪም ማየት ተገቢ ነው። ሲሄዱ በአንዲት ወረቀት ሦስት ነገር ጽፈው ይያዙ፡- የት ላይ እንደሚያምዎት፣ መቼ እንደሚብስና እንደሚሻል፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት የወሰዷቸው መድኃኒቶች፣ መርፌዎቹና ቅመማ ቅመሞቹ ሳይቀሩ። ሐኪሙ አልጋ ላይ አስተኝቶ እግርዎን አዙሮ ካላየ በትሕትና “ዳሌዬን ቢያዩልኝ?” ይበሉ። ይህን መጠየቅ ሐኪምን መናቅ አይደለም። ያቺ የሁለት ደቂቃ ምርመራ የአንድን ሰው የራስ ዳሌ ልታተርፍለት ትችላለች።